ሆዱ ስርጉድ ያለ ጨቅላ

ጨቅላው እንደተወለደ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ትንፋሹ ይጣደፋል። አዋላጇ መጠቅለያውን ገለጥ ስታደርግ ደረቱ ተነፍቷል፤ ሆዱ ግን ስርጉድ ብሏል። ይህን ምልክት ዓይኗ ሊለየው ይገባል።

ደረትን ከሆድ ዕቃ የሚለየው ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ በፅንስነት ሳይዘጋ ሲቀር አንጀት ወደ ደረት ይወጣል፤ ሳንባም በቅጡ ሳያድግ ይቀራል። ይህ ችግር ከ2,500 እስከ 3,000 ከሚወለዱ ሕፃናት በአንዱ ላይ እንደሚደርስ ይገመታል። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ አይታወቅም። እናቲቱን መውቀስ ግፍ ነው።

ለዚህ ጨቅላ በጭንብል አየር መግፋት ጨጓራውንና አንጀቱን ነፍቶ ሳንባውን ይበልጥ ያፍናል። የሚበጀው መተንፈሻውን በቱቦ መያዝና ጨጓራውን በሌላ ቱቦ ማስተንፈስ ነው። ቀዶ ሕክምናው የሚሠራው ትንፋሹ ከተረጋጋ በኋላ ነው።

ከዝቋላና ከአበርገሌ ወረዳዎች ቀበሌዎች ተነስታ ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ለምትደርስ ነፍሰ ጡር መንገዱ ራሱ ፈተና ነው። ስለዚህ አልትራሳውንዱ በአምስተኛው ወር አካባቢ ይቅደማት። ችግሩ ከታየ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ባለበት ከተማ እንድትወልድ ጉዞዋ አስቀድሞ ይሰናዳ፤ የአምቡላንሱም ሆነ የማረፊያዋ ወጪ በእሷ ጫንቃ ላይ አይውደቅ።