ሸክሙ የቆዳ ነው

የመንገደኛ ጄት አሥር ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ሲበር፣ ውስጡ የታመቀው አየር እያንዳንዱን ካሬ ሜትር ገላውን ከአምስት ቶን በላይ በሆነ ጉልበት ወደ ውጭ ይገፋዋል። ይህን ግፊት የሚችለው በብዙ ቦታ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ገደማ የሆነ የአሉሚኒየም ቆዳ ነው። መካኒኮቹ ስኪን ይሉታል። ተሳፋሪው ግን ደረጃውን ሲወጣ የሚያየው ቀለሙንና ዓርማውን ብቻ ነው።

ብዙዎቻችን ቆዳን የምናውቀው በመሸፈኛነቱ ነው። ቁም ነገሩ ከሥር ነው እንላለን፤ አጥንቱ፣ ልቡ፣ ሞተሩ። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት ብቻ ሳይሆን አደገኛም ይመስለኛል። በሰው ገላም፣ በብራናም፣ በአውሮፕላንም ትልቁን ሸክም የሚሸከመው ቆዳው ነው። ቆዳን የሚንቅ፣ ቆዳ ጠባቂውንም የሚንቅ ማኅበረሰብ ዋጋውን በሰው ሕይወት ይከፍላል።

አውሮፕላን ሠሪዎችም ይህን የተማሩት ቀስ ብለው ነው። የራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1903 ያበረሯት ማሽን የእንጨት አፅምና የሽቦ ጅማት ነበራት፤ በላይዋ የተወጠረው የጥጥ ጨርቅ አየሩን ይይዝ ነበር እንጂ አካሏን አይሸከምም ነበር። በ1915 ጀርመናዊው ሁጎ ዩንከርስ ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራ አውሮፕላን አበረረ። ከእሱ በኋላ አዶልፍ ሮርባኽና ሌሎች መሐንዲሶች ሐሳቡን አሰፉት፤ የብረቱ ልባስ ራሱ ሸክሙን ከተካፈለ ውስጡን የሚያጣብበው አፅም ሊቀንስ ይችላል አሉ። ዲሲ 3 የተወለደው ከዚህ ሐሳብ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው የዲሲ 3 ወታደራዊ መንትያ በሆነው ሲ 47 ነበር። ዛሬ ወንበር ተደርድሮበት፣ ምግብ እየቀረበልን የምንጓዝበት ሰፊ ባዶ ቦታ የተገኘው ቆዳው ሸክሙን ስለተቀበለ ነው።

ይህ ሸክም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ዓለም የተረዳው በኮሜት ነው። ኮሜት በ1952 መንገደኛ ማጓጓዝ የጀመረ የመጀመሪያው የመንገደኛ ጄት ነበር። ጃንዋሪ 10 ቀን 1954 ከሮም የተነሣ አንድ ኮሜት በኤልባ ደሴት አጠገብ አየር ላይ ተበታትኖ 35 ሰዎች ሞቱ። በረራው ለጥቂት ጊዜ ታግዶ እንደገና ተፈቀደ፤ ኤፕሪል ላይ ሌላ ኮሜት በኔፕልስ አቅራቢያ ባሕር ውስጥ ገባ፤ 21 ሰዎች አለቁ። ኮሜትን የሠሩት እንግሊዞች ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ምርመራ ባነበብኩት ቁጥር አደንቀዋለሁ። አንድ ሙሉ የኮሜት ገላ ፋርንቦሮ ላይ ትልቅ የውኃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው፣ በውኃ ግፊት እየነፉና እያስተነፈሱ በረራን ደጋግመው አስመሰሉ። አየር ያልተጠቀሙት ገላው ሲቀደድ እንደ ቦምብ እንዳይፈነዳ ነው። አስቀድሞ የበረራቸው ሲጨመሩ በ3,057ኛው ዙር ገላው ተሰነጠቀ። ከኤልባ ባሕር ከወጣው ስብርባሪም ስንጥቁ የጀመረው ጣሪያው ላይ ባለች የአንቴና መስኮት ጥግ፣ ከሪቬት ቀዳዳ አጠገብ እንደሆነ ታወቀ። ሞተሩ ደኅና ነበር። የገደላቸው የብረቱ ድካም ነው። ቆዳው በየበረራው ሲነፋና ሲሟሽሽ ለዓይን የማይታይ ጭረት እያጠራቀመ ኖሯል።

ከ34 ዓመት በኋላ ሃዋይ ላይ የሆነው ከዚህም ይበልጥ ያስቆጨኛል። ኤፕሪል 28 ቀን 1988 የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ወደ ሆኖሉሉ ሲበር ከጣሪያው አምስት ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው ቆዳ ተገንጥሎ ሄደ። አንዲት የበረራ አስተናጋጅ በነፋሱ ተወስዳ ሞተች፤ አብራሪዎቹ ግን አውሮፕላኑን ማዊ ደሴት ላይ አሳረፉት። አውሮፕላኑ 89,680 ጊዜ በርሯል፤ በአጫጭር ጉዞ፣ በጨዋማ የባሕር አየር ውስጥ። ምርመራው እንደገለጸው አንዲት ተሳፋሪ ስትገባ በሩ አጠገብ ስንጥቅ አይታ ነበር፤ ለማንም አልተናገረችም። አልፈርድባትም። ላዩ ላይ ያለ ነገር ምን ያመጣል ብለን እናልፋለን፤ የተማርነው እንዲያ ነው። ቆዳው ግን ሊሰበር መሆኑን አስቀድሞ ይናገራል፤ የሚጠይቀው የሚያየውንና አይቶም ዝም የማይለውን ሰው ነው።

በአዲሶቹ አውሮፕላኖች ማየትም ብቻውን አይበቃም። የቦይንግ 787 ቆዳ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ነው፤ ሲመታ ላዩ ደኅና መስሎ ውስጡ ሊላቀቅ ስለሚችል በአልትራሳውንድ ይፈተሻል። በጁላይ 2013 የኢትዮጵያ አየር መንገድ 787 ለንደን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሰው ሳይኖርበት ቆሞ ሳለ፣ ከጅራቱ አቅራቢያ ጣሪያው ሥር ያለ የአደጋ ጊዜ ማስተላለፊያ ባትሪ ተቀጣጥሎ ቆዳውን አቃጠለው። የተቃጠለው ዋናው የአውሮፕላኑ አካል ስለነበር ጥገናው ወራት ወሰደ፤ አውሮፕላኑ ወደ ሥራ የተመለሰው በዲሴምበር ነው።

ብራና የሚሠራ ሰው የመወጠርን ኃይል ከመሐንዲሶቹ ብዙ ዘመን በፊት ያውቀዋል። የፍየል ቆዳ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ላይ በገመድ ይወጠራል፣ ሥጋው ይፋቃል፣ ጠጉሩ ይላጫል፣ እንደተወጠረም ይደርቃል። ሳይወጠር የደረቀ ጥሬ ቆዳ ተጨማዶ ይቀራል፤ ተወጥሮ የደረቀው ግን ውስጡ ያሉት ክሮች ተስተካክለው ቀለም የሚቀበል ጠንካራ ገጽ ይሆናል። ዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ እንደተሠሩ በካርቦን ምርመራ ተገምቷል፤ ቃሉን እስከ ዛሬ ያደረሰልን ቆዳ ነው። የማሲንቆም ድምፅ የሚጎላው በሳጥኑ ላይ በተወጠረው ቆዳ ነው።

ቆዳ አልፊውን ግን ምን አደረግነው? ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን ያገናኘበት ምራን፣ እህል የጫነበት ስልቻ፣ የተኛበት ጠፍር አልጋ፣ ፈረሰኛው የተቀመጠበት ኮርቻ የእሱ እጅ ሥራ ነው። እኛ ፋቂ የሚለውን ስም ስድብ አደረግነው፤ ከእሱ ጋር ማዕድ መቁረስም ልጅ መዳርም ነውር ነው አልን። ሥራውን በየቀኑ እየተጠቀሙ ሠሪውን ማራቅ በደል ነው፤ በደሉም በየአካባቢው ገና አልጠፋም።

ቆዳን እንደ ቀለም ብቻ ማየት የዚሁ ንቀት ሌላ መልክ ነው። ሜላኒን የሚያመርቱት ሕዋሶች ብዛት በጥቁሩም በነጩም ሰው ላይ ተቀራራቢ ነው፤ የሚለያየው የሚያመርቱት ሜላኒን መጠንና ዓይነት ነው። በዚህች ትንሽ ልዩነት ላይ ባርነትና አፓርታይድ ተገነባ። ዛሬም እኅቶቻችን ለማንጻት የሚቀቡት ክሬም ሜርኩሪ ካለበት ኩላሊት ይጎዳል፤ ጠንካራ ስቴሮይድ ካለበት ቆዳውን ያሳሳዋል።

ይህ ሁሉ ክርክር ለእኔ የሚያርፈው እግር ላይ ነው። በደጋና በወይና ደጋ ከእሳተ ገሞራ አለት የተፈጠረው ቀይ አፈር እህል ያበቅላል፤ በባዶ እግሩ ዓመታት የሚውልበትን ሰው ግን ሊያሳምመው ይችላል። ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በተሰነጠቀው የእግር ቆዳ ይገባሉ፤ በተፈጥሮው ተጋላጭ በሆነ ሰው ላይ የሊምፍ ሥሮቹን ያውካሉ፤ እግሩም እያበጠ ይሄዳል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። ብዙ ቦታ ዝሆኔን የሚያመጣው ትንኝ የሚያስተላልፈው ትል ነው፤ ይህኛው ግን ትልም ጀርምም የለበትም። ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ ምክንያቱ አፈሩ መሆኑን አሳየ። በአገራችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይህ በሽታ እንዳለባቸው ይገመታል። ብዙዎቹ እርግማን አለባችሁ፣ ዘራችሁ ነው እየተባሉ ከትዳርና ከማኅበር ተገልለዋል።

ለአውሮፕላን ቆዳ የተሠራው ገንዳ፣ አልትራሳውንድና ጥብቅ ሕግ ተገቢ ነው። ለገበሬው እግር ቆዳ የሚያስፈልገው ከዚያ እጅግ ያነሰ ሆኖ ሳለ አለማድረሳችን ያሳፍራል። መከላከያው ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ነው። የታመመውም በየቀኑ በውኃና በሳሙና ቢታጠብ፣ ስንጥቁን በቅባት ቢያለሰልስ፣ ካልሲና ጫማ ቢያደርግ እብጠቱም የሚጥለው ትኩሳትም ይቀንስለታል።

እግሩ ያበጠ ጎረቤት ካላችሁ አትሽሹት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።