ናይትሮጅኑን ማን ይሞላል?

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ሴሚስተር በሰው ሰራሽ ማዳቀል ትምህርት ላይ ነው። መምህራችን የኮርማ አባለዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ፣ እንዴት ለብዙ ዓመታት ሳይበላሽ እንደሚቆይ እያስረዱን ሳለ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ሰውስ?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። አንዱ «ማቱሳላን ሊያስንቅ ነው!» አለ። ሌላዋ «መጀመሪያ ይቺን ሚድ እንለፋት» አለች። መምህሩ ሳቃችን እስኪበርድ ጠበቁና፣ አሜሪካ ውስጥ የሞቱ ሰዎችን በዚሁ በናይትሮጅን አቀዝቅዘው «ወደፊት ሳይንስ ያስነሳቸዋል» በሚል ተስፋ የሚያስቀምጡ ድርጅቶች መኖራቸውን፣ ሥራውም ክራዮኒክስ እንደሚባል ነግረውን ወደ ትምህርታቸው ተመለሱ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ከሳቁት አንዷ ነበርኩ። ዶርም ገብቼ ሳስበው ግን ለምን እንደሳቅን ግልጽ አልሆነልኝም። የኮርማ ሴል በናይትሮጅን ውስጥ ከርሞ ሲነሳ «ሳይንስ» ብለን ማስታወሻ እንይዛለን፤ ሰው ሲባል ግን «እብደት» ብለን እንስቃለን። ልዩነቱ ምንድነው? ይህን ለማወቅ ጥቂት ሳምንታት ሳነብ ከረምኩ። ሃይማኖታዊውን ጎን ለሚያውቁት እተወዋለሁ፤ እኔ የምጽፈው እንደ አንድ የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ ነው።

እስቲ ከምናውቀው እንነሳ። እ.ኤ.አ. በ1949 እንግሊዝ አገር ክሪስቶፈር ፖልጅ፣ ኦድሪ ስሚዝ እና አላን ፓርክስ የተባሉ ተመራማሪዎች የአውራ ዶሮ አባለዘር ቀዝቅዞ ከቀለጠ በኋላም በሕይወት የሚቆይበትን መንገድ አገኙ። አገኙ ከማለት ይልቅ መንገዱ ራሱ አገኛቸው ቢባል ይቀላል። የስኳር ፈሳሽ ነው ብለው የተጠቀሙበት ጠርሙስ ሲመረመር ግሊሰሮል ሆኖ ተገኘ፤ የጠርሙሶቹ መለያ ወረቀት ተቀያይሮ ኖሯል። (ጠርሙስ ላይ በትክክል ጻፉ እያሉ የሚጨቀጭቁን የላብራቶሪ ቴክኒሻናችን ይህን ታሪክ ባይሰሙት ይሻላል።) ግሊሰሮሉ ውሃው ወደ በረዶ ስለት ተለውጦ ሴሉን እንዳይቆራርጠው ይከላከላል። በ1951 በዚሁ ዘዴ ከቀዘቀዘ አባለዘር ጥጃ ተወለደ። በ1984 አውስትራሊያ ውስጥ ቀዝቅዞ ከቆየ ፅንስ ሕፃን ተወለደ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የበጎቹ ነገር ነው። እዚያው አውስትራሊያ በ1968 የቀዘቀዘ የሜሪኖ አውራ በግ አባለዘር ከ50 ዓመት በኋላ ወጥቶ ለ56 ሴት በጎች ተሰጠ፤ 34ቱ አረገዙ። በቅርብ ዓመታት ከቀዘቀዘው ጋር ሲነጻጸር ምንም ያነሰ ውጤት አልነበረም። ስለዚህ ቅዝቃዜው ራሱ ጊዜን ማቆም ይችላል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ከሴል ወደ ሙሉ አካል ሲኬድ ነው ችግሩ የሚመጣው። ትልቅ ነገር እኩል አይቀዘቅዝም፣ እኩልም አይቀልጥም፤ ይሰነጠቃል። መከላከያ ኬሚካሉም ሲበዛ ራሱ መርዝ ነው። ቢሆንም በ2009 በታተመ ጥናት አንድ የጥንቸል ኩላሊት እንደ መስታወት እስኪሆን ቀዝቅዞ፣ ተመልሶ ሞቆ፣ ጥንቸል ውስጥ ተተክሎ ሠርቷል። በ2023 ደግሞ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እስከ 100 ቀን ያቆዩትን የአይጥ ኩላሊት አሙቀው ተክለው አሳይተዋል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ለኩላሊት ሕመምተኛ ወረፋ ጠባቂዎችም እውነተኛ ተስፋ ነው። አንጎል ግን ኩላሊት አይደለም። በዚህ ቅዝቃዜ ቆይቶ የተነሳ ሙሉ አጥቢ እንስሳም እስከዛሬ የለም።

የክራዮኒክስን ሐሳብ ያስፋፋው ሮበርት ኤቲንገር የሚባል የሚሺጋን የፊዚክስ መምህር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እግሩ ተጎድቶ፣ በአጥንት ቀዶ ጥገና የዳነ ሰው ነበር። በ1964 በታተመው መጽሐፉ ያነሳው ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ቀደም ሲል ልቡ የቆመ ሰው ሞተ ተብሎ ይገነዝ ነበር፤ ዛሬ ደረቱን ተጭነው፣ በኤሌክትሪክ አስደንግጠው ይመልሱታል። ስለዚህ «ሞተ» የሚለው ቃል የሐኪሙን አቅም እንጂ የሟቹን ሁኔታ ብቻ አይናገርም ይላል። የነገው ሐኪም የተሻለ ከሆነ፣ ሟቹን እስከ ነገ ድረስ ማቆየት ነው። ኤቲንገር እናቱን አቀዘቀዘ፤ በ2011 በ92 ዓመቱ ሲያርፍ እሱም በ1976 ባቋቋመው ድርጅት ውስጥ ቀዘቀዘ። ሰውዬው የሚለውን የሚያምን ሰው ነበር፤ ለዚህ አከብረዋለሁ።

ታዲያ ጠቤ ከምን ላይ ነው? ይህን ለመናገር አምና ያየሁትን ማንሳት አለብኝ።

አምና ለተግባር ልምምድ አንድ ወረዳ ተመድቤ ነበር። የወረዳውን ስም አልጠቅስም። የሚያሠሩኝ አዳቃይ ቴክኒሻን ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው ናቸው። የናይትሮጅን ኮንቴይነር የምታውቁት ነው፤ ክዳኑ ተዘግቶም ናይትሮጅኑ ቀስ እያለ ይተናል፣ በየጊዜው ካልተሞላ ያልቃል። የሚያመጣው መኪና ለሌላ ሥራ ወጣ፤ ቀጥሎ የነዳጅ በጀት የለም ተባለ፤ ቀጥሎ ፋሲካ ገባ። ከበዓል ተመልሰን ስንከፍተው ሁልጊዜ የሚወጣው ነጭ ጭስ አልወጣም። ጋሼ መለኪያውን ዘንግ ከተው አወጡት። ደረቅ ነው፣ ውርጭ የሚባል አልያዘም።

ስትሮዎቹ ግን እንዳሉ ናቸው። ቀለማቸው ያው ነው፣ የኮርማው ቁጥር ጥርት ብሎ ይነበባል። ላየው ሰው ምንም የጎደለ ነገር የለም። ጋሼ የአንዷን ጫፍ ቆርጠው ጠብታዋን ማይክሮስኮፕ ሥር አስገብተው አዩና ዝም ብለው ቦታውን ለቀቁልኝ። የሚንቀሳቀስ የለም።

ደጅ ላይ አንዲት እናት ላማቸውን እየነዱ ሌሊት ተነስተው መጥተው ቆመዋል። ላሚቱ ኮርማ ፈልጋለች፤ ዛሬ ካመለጣት ሌላ 21 ቀን መጠበቅ ነው። ጋሼ ወደ እኔ ዘወር ብለው «ልጄ፣ በዚችው ባዳቅላት እኮ ማንም አያውቅብኝም። አመስግነውኝ ይሄዳሉ። ሃያ አንድ ቀን ቆይቶ 'አልያዘላትም' ይባላል፤ ማን ይወቅሰኛል?» አሉኝ። ከዚያ ወጡና ለሴትዮዋ እውነቱን ነገሯቸው። ሴትዮዋ ጥቂት ቆሙ፣ ላማቸውን አዞሩና ሄዱ።

አሁን ወደ ካሊፎርኒያ እንሂድ። እ.ኤ.አ. ጥር 12 ቀን 1967 ጄምስ ቤድፎርድ የተባለ የ73 ዓመት የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር በካንሰር ሞተና የመጀመሪያው ቀዝቃዛ ሰው ሆነ። ካቀዘቀዙት ሰዎች አንዱ ሮበርት ኔልሰን ነበር፤ ቀድሞ የቴሌቪዥን ጠጋኝ የነበረ፣ በኋላ የካሊፎርኒያ የክራዮኒክስ ማህበር ፕሬዝዳንት የሆነ ሰው። ኔልሰን ሌሎች ሟቾችንም ተቀበለና ቻትስወርዝ በሚባል ቦታ ባለ መካነ መቃብር ውስጥ፣ ከመሬት በታች በተሠራ ክፍል አስቀመጣቸው። ገንዘቡ አነሰ፤ ከዘመዶቹ መካከል መክፈል ያቆሙ ነበሩ። በአንዱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ብዙ ሰው ተደራርቦ ተጨመረ። በመጨረሻ ናይትሮጅኑ አለቀ። በ1979 ጉዱ ሲወጣ 9 ሰዎች ቀልጠው በስብሰው ተገኙ። ዘመዶቻቸው ግን ይህን ሁሉ ጊዜ ወገኖቻችን ቀዝቅዘው ተቀምጠዋል ብለው ያምኑ ነበር። የነገራቸው ሰው አልነበረም። ከቤተሰቦቹ መካከል የከሰሱት በ1981 ካሳ ተፈረደላቸው።

ቤድፎርድስ? ቤድፎርድ ዛሬም አለ፤ አሪዞና ውስጥ ስኮትስዴል በሚገኘው አልኮር በተባለው ድርጅት ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከቀዘቀዙት መካከል ሳይቀልጥ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ያዳነው የተሻለ ኬሚካል አይደለም። ሚስቱና ልጁ ለ15 ዓመት ያህል ከአንድ ማከማቻ ወደ ሌላ እያዘዋወሩ፣ እያስሞሉም፣ በ1982 ለአልኮር እስኪያስረክቡት ድረስ ስላልተዉት ነው።

እኔን የከነከነኝ ይህ ነው። በክፍላችንም በሌላም ቦታ የሚከራከሩ ሰዎች «ሳይንስ ይደርስበታል ወይስ አይደርስበትም?» እያሉ ነው የሚከራከሩት። ሳይንሱ በ200 ዓመት ይደርሳል እንበል። እነዚያን 200 ዓመታት፣ ማለትም በየሳምንቱ፣ በበዓልም፣ በጦርነትም፣ በኪሳራም ጊዜ፣ ናይትሮጅኑን የሚሞላው ማነው? የአውስትራሊያው በግ አባለዘር 50 ዓመት የቆየው ስማቸው ያልተጻፈ ሠራተኞች 50 ዓመት ሙሉ ሳይዘነጉ ስለሞሉ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ የዛሬዎቹ ድርጅቶች ከቻትስወርዝ ተምረዋል። ገንዘቡን አስቀድመው ይቀበላሉ፤ ከፊሉም ለዘላቂ ጥበቃ በአደራ ይቀመጣል። አልኮር ለሙሉ አካል ከ200,000 ዶላር ያላነሰ፣ ለጭንቅላት ብቻ ደግሞ 80,000 ዶላር ይጠይቃል፤ ኤቲንገር ያቋቋመው የሚሺጋኑ ድርጅት ከ28,000 ዶላር ይጀምራል። ብዙዎቹ የሚከፍሉት በሕይወት ኢንሹራንስ ነው። እስካሁን የቀዘቀዙት ጥቂት መቶ ሰዎች ናቸው። መልካም። ግን ጋሼ ያደረጉትን ሙከራ ለእነሱ ማን ያደርግላቸዋል? እኛ ከመቶ ስትሮ አንዷን አውጥተን፣ ቆርጠን፣ አይተን የቀሩትን እናውቃለን። ሰውዬው ግን አንድ ነው። ከፍቶ የሚያየው የለም፤ ቢከፍትም ምን ማየት እንዳለበት የሚያውቅ የለም። ጠባቂው ታማኝ ይሁን አይሁን ከውጭ ሲታይ ኮንቴይነሩ ያው ኮንቴይነር ነው። ደንበኛው ቅሬታ የማያቀርብበት፣ የውጤቱ ቀን ያልተቆረጠበት፣ ሻጩ ውጤቱ ሳይታይ የሚያልፍበት ንግድ እኔ ሌላ አላውቅም።

አንድ የዶርም ጓደኛዬ ይህን ረቂቅ አንብባ «ታዲያ ምን ይጎድልበታል? ሞቷል እኮ! ከመበስበስ አይሻልም?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለረጅም ጊዜም መልስ አላገኘሁለትም ነበር። መልሱን ያገኘሁት ከአንድ የእንግሊዝ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው።

በ2016 ለንደን ውስጥ በካንሰር የታመመች የ14 ዓመት ልጅ ከሞትኩ በኋላ ቀዝቅዤ ልቀመጥ ብላ ጠየቀች። ገና ልጅ ነኝ፣ መሞት አልፈልግም፣ መሬት ውስጥ መቀበርም አልፈልግም፤ መቶ ዓመታት ቢፈጅ እንኳ የመዳን ዕድል ይሰጠኝ የሚል ነበር የደብዳቤዋ ፍሬ ነገር። እናቷ ተስማማች፣ አባቷ አቅማማ። ዳኛው ፒተር ጃክሰን ሆስፒታል ድረስ ሄደው አነጋገሯትና በአስከሬኗ ጉዳይ የሚወስኑት እናቷ ብቻ እንዲሆኑ ፈረዱ፤ ክራዮኒክስን ግን ትክክል ነው ወይም አይደለም እንዳላሉም ግልጽ አደረጉ። ልጅቷ ውሳኔውን ሰምታ በዚያው ወር አረፈች፤ አስከሬኗም ወደ አሜሪካ ተወሰደ።

በዚህች ልጅ ላይ የሚስቅ ካለ እኔ ከእሱ ጋር አይደለሁም። ነገር ግን ከሞቷ በኋላ ሆስፒታሉ ያሰማው ስጋት በዳኛው ጽሑፍ ላይ ተመዝግቧል። የማቀዝቀዙን ዝግጅት የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች በቂ መሣሪያ አልነበራቸውም፣ ሥራቸውም የተዝረከረከ ነበር። እናቲቱም በልጇ የመጨረሻ ቀን ሐሳቧ ሁሉ ከሞት በኋላ በሚሆነው ዝግጅት ተይዞ፣ ከልጇ ጋር በሙሉ ልብ ለመሆን አልቻለችም።

ይህንን ካነበብኩ በኋላ ለጓደኛዬ መልስ ነበረኝ። የሚጎድለው ያ ቀን ነው። ተስፋው ተከፍሎበታል፤ በገንዘብ ብቻ አይደለም።

የእናቴ እድር የሚገባው ቃል አጭር ነው፤ ድንኳን ይተክላል፣ ይሸከማል፣ ይቀብራል፣ ከሐዘንተኛ ጋር ይቀመጣል። ቃሉ መጠበቁን ሰፈሩ ሁሉ በዓይኑ ያያል፤ ዳኛው ቢያጠፋ ይወቀሳል፣ ይቀጣል። ክራዮኒክስ የሚጠይቀው ገና ካልተወለዱ ሰዎች፣ ማብቂያ የሌለው፣ ማንም ሊያረጋግጠው የማይችል ቃል ነው። አንድ አዋቂ ሰው በገዛ ገንዘቡ ይህን ቢገዛ እኔ የምከለክልበት ሥልጣን የለኝም። ሻጩ ግን በየዓመቱ መዝገቡን እንዲከፍት፣ ናይትሮጅኑ ባለቀ ቀን ለቤተሰብ በዚያው ቀን እንዲናገር በሕግ መገደድ አለበት ባይ ነኝ። ለእኔስ? አልፈርምም። አባቴ ቢጠይቀኝ ግን ምን እንደምለው አላውቅም፤ ይህን ሳልዋሽ ልጻፈው።

ለነገሩ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የትምህርት ክፍላችን ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ኮንቴይነር አለ፤ በውስጡም ለመጪው ሴሚስተር ተግባር ትምህርት የተቀመጡ ስትሮዎች አሉ። የበዓል ዕረፍት ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ትናንት ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ሄጄ ፈለግኩ፤ የተረኞች ስም ዝርዝር ገና አልተለጠፈም።