«ትክክለኛው መጠን» ከማን ደም ወጣ?

ክረምቱ ሲወጣ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢው የቀወት ቆላ የወባ ወቅት ይገባል። ትኩሳት የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ደም ይሰጣል፤ የደም ቆጠራ ከታዘዘለትም የነጭ የደም ሴሎቹ ብዛት ከ«ትክክለኛው መጠን» ጋር ተነጻጽሮ ይነገረዋል። የፊዚክስ መምህር እንደመሆኔ ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ይህ ልክ የወጣው ከማን ደም ነው?

አስቀድመን ቁጥሩ የሚለካውን እንወቅ። ነጭ የደም ሴል ተውሳክን የሚዋጋው በአመዛኙ ከደም ሥር ውጭ ነው። አንድ የሰውነት ክፍል ሲቆጣ፣ በዚያ ያሉት ጥቃቅን የደም መልስ ሥሮች ግድግዳ ሴሌክቲን የተባሉ ፕሮቲኖችን ያወጣል። ሴሉ በእነዚህ እየተያዘና እየተለቀቀ ይንከባለላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በሙከራ እንደታየው፣ ይህ ማያያዣ በመጠኑ ሲጎተት በመላቀቅ ፈንታ ይጠነክራል። ቀጥሎ ኢንቴግሪኖች ሴሉን አጽንተው ያቆሙታል፤ በመጨረሻም ቅርጹን ለውጦ በግድግዳው ሴሎች መካከል ሾልኮ ይወጣል።

እንግዲህ መርፌ የሚቀዳው የሚፈሰውን ብቻ ነው። ኒውትሮፊል ከተባሉት ሴሎች በደም ሥር ካሉት ግማሽ ያህሉ ግድግዳውን ተጠግተው ስለሚቆዩ ከቆጠራው ውጭ ናቸው።

ዳፊ የተባለው ፕሮቲን ነገሩን ወደ እኛ ያቀርበዋል። ቪቫክስ የተባለው የወባ ተውሳክ ወደ ቀይ ሴል የሚገባበት ዋነኛ በር ሲሆን፣ ነጭ ሴሎችን የሚጠሩ ኬሚካሎችንም ይይዛል። ብዙ አፍሪካውያን፣ ከእነርሱም በርካታ ኢትዮጵያውያን፣ በቀይ ሴላቸው ላይ ይህ ፕሮቲን የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ይህን ውርስ ከዝቅተኛ የኒውትሮፊል ቁጥር ጋር አያይዞታል። ሰዎቹ ግን ጤነኞች ናቸው። ወደ እስራኤል በገቡ ቤተ እስራኤላውያን ዘንድም እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ቁጥር ተመዝግቧል።

ይሁንና በተለመደው ልክ በማይክሮ ሊትር ከ1,500 በታች የሆነ ኒውትሮፊል እንደ ጉድለት ይቆጠራል። በዚህ ሳቢያ ጤነኛው ሰው የመቅኒ ምርመራ ሊታዘዝለት፣ የካንሰር ታማሚውም መድኃኒቱ ሊቀነስበት ይችላል።

ዝቅተኛ ቁጥር ሁሉ ይናቅ ማለቴ አይደለም፤ አንዳንዱ እውነተኛ አደጋ ነው። አደጋውን ከጤናማው ለመለየት ግን የራሳችን ልክ ያስፈልገናል። እ.ኤ.አ. በ1999 ለኢትዮጵያውያን አዋቂዎች የተዘጋጀ የማነጻጸሪያ መጠን ታትሟል። ዩኒቨርሲቲዎቻችንና የጤና ተቋሞቻችን ይህን ጅምር ከቆላም ከደጋም በተወሰደ ደም አስፍተው በምርመራ ቅጹ ላይ ሊያሰፍሩት ይገባል። ሚዛኑ ሳይፈተሽ የተመዘነውን ጎደሎ ማለት ከሳይንስ ሥርዓት ውጭ ነው።