መስታወት አልብሳችሁ መጋረጃ አታስገዙን

ይድረስ በአዲስ አበባ የቢሮ ሕንፃ ለምትነድፉ አርክቴክቶችና ለምታሠሩ ባለሀብቶች፤

ሥራችሁን ከመጨረሻው ትጀምራላችሁ። ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ ሳይታይ፣ ከላይ እስከ ታች መስታወት የለበሰ ሕንፃ በኮምፒውተር ተስሎ ለባለሀብቱ ይቀርባል። ሙቀቱና የመብራት ወጪው የሚታሰበው መልኩ ከጸደቀ በኋላ ነው። ያኔ የሚቀረው መፍትሔ ኤሲ መግጠም ብቻ ይሆናል።

ውጤቱን ለማየት ከሰዓት በኋላ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ቢሮ መግባት ይበቃል። መጋረጃው ተዘግቷል፤ መጋረጃ ያልደረሰበት መስታወት ላይ ካርቶን ተለጥፏል፤ በጠራራ ፀሐይ አምፖል በርቷል። ይህ ሁሉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ በተቀመጠች፣ ሌሊቷ በሚቀዘቅዝ ከተማ ነው! አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የቀትሯ ፀሐይ ከአናት ብዙም አትርቅም፤ በሰሜንና በደቡብ በኩል ያለውን መስኮት መጠነኛ ከለላ ያድነዋል። የምታስቸግረው ጠዋትና ማታ ዝቅ ብላ የምትገባው ናት። የሕንፃውን ረጅም ጎን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ማዞር፣ ቦታው ካልፈቀደም የምሥራቁንና የምዕራቡን ፊት መከለል፣ በንድፍ ጊዜ ምንም ያህል ወጪ የለውም።

የሚቻል መሆኑን ልደታ ሄዳችሁ እዩ። በዣቪየር ቪላልታ የተነደፈው የገበያ ማዕከል በመስታወት ፋንታ የተበሳሳ ኮንክሪት ለብሷል፤ ብርሃንም ነፋስም በቀዳዳዎቹ ይገባል። ሐራሬ ውስጥ በ1996 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የሚክ ፒርስ ኢስትጌት ሕንፃ ደግሞ የሌሊቱን ቀዝቃዛ አየር ኮንክሪቱ ውስጥ አሳልፎ ቀን ይጠቀምበታል።

«ኃይላችን ከውኃ ስለሆነ ንጹሕ ነው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን መብራት ሲጠፋ የምታስነሡት ጀነሬተር ናፍጣ ነው የሚጠጣው። እናንተ ለኤሲ የምታፈስሱት ኃይልም እስካሁን በኩራዝ ለሚያመሽ የገጠር ቤት ሊደርስ ይችል ነበር።

የግንባታ ዕቃው ብክነትም እንደዚያው ነው። ሕንፃ በፈረሰበት ቦታ ሁሉ ከፍርስራሹ ውስጥ ፌሮ እየመዘዙ በመዶሻ ሲያቃኑ የሚውሉ ወጣቶች አሉ። ቆርቆሮው፣ በሩና መስኮቱ ተነቅሎ ይሸጣል። የአሮጌ ዕቃ ገበያው ምናለሽ ተራ የሚኖረው በዚህ ጥበብ ነው። ይህ እውቀት ግን ወደ ንድፍ ጠረጴዛችሁ ደርሶ አያውቅም። በብሎን ሊታሰር የሚችለውን በሙጫና በሲሚንቶ ታጣብቃላችሁ፤ ሲነቀልም ይሰባበራል። ሊታደስ የሚችለውንም ሕንፃ ታፈርሳላችሁ። በ1961 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የአርቱሮ ሜዜዲሚ አፍሪካ አዳራሽ ታድሶ በ2024 እንደገና ተከፍቷል፤ ያ ሕንፃ ቢፈርስ ኖሮ ምን እናጣ እንደነበር አስቡት።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። አርክቴክቶች ሆይ፣ የሕንፃውን መልክ ከማሳየታችሁ በፊት የፀሐዩንና የነፋሱን አቅጣጫ ለአሠሪያችሁ በወረቀት አሳዩ። ጣሪያውንም ለሶላር አዘጋጁት። ባለሀብቶች፣ አሮጌውን ከማፍረሳችሁ በፊት ሊታደስ መቻል አለመቻሉን አስጠኑ። መፍረሱ ግድ ከሆነም የሚድነው ዕቃ በዝርዝር ተጽፎ በውሉ ይግባ፤ ነቅለው የሚያወጡትም ሰዎች ዋጋቸው ይከፈላቸው። በምታሠሩት ሕንፃ ውስጥ የሠራተኛው ግማሽ ዕድሜ ያልፋልና፣ መስኮት ከፍቶ የመሥራት መብቱን አትንፈጉት።

ከአክብሮት ጋር