«ይሄን ልጅ ምን ነካው?» ከማለታችን በፊት



ዛሬ ስለ አንድ ፈረንሳዊ የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲ ልናወራችሁ ነው። «የፈረንጅ ፒያኖ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ትንሽ ታገሱን፣ ነገሩ የጀመረው ከእኛው ልጅ ነው።

አንድ የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ ወደ ቢሯችን ይመጣ ነበር። ስሙንና ከተማውን እንተወው። ቤት ሴፌር «ክፍል ውስጥ አይሳተፍም» ብለው ነው የላኩት። እኛም ቲኩ ላይ «ራሱን ያገለለ» ብለን ጻፍንበት። እናቱ ደግሞ «ቀኑን ሙሉ በሩን ዘግቶ አንድ ሙዚቃ ብቻ እየደጋገመ ይሰማል፣ ልጄን ምን ነካብኝ?» እያሉ ያለቅሳሉ። ሁለት ወር ሙሉ እኛ እንጠይቃለን፣ እሱ መሬት መሬት ያያል። በመጨረሻ መጠየቁ ደከመንና «በቃ፣ እስቲ የምትሰማውን አሰማን» አልነው። አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ነቅሎ ዘረጋልን።

የጠበቅነው ጩኸት ነበር። የሰማነው ግን ፒያኖ ብቻ ነው፣ ያውም ቀስ ያለ። ግራ እጅ አንድ ወፍራም ድምፅ ይነካል፣ ወዲያው ከፍ ብሎ በለስላሳ ይመልስለታል፣ ልክ እንደ ሰው እርምጃ። ቀኝ እጅ በላዩ ላይ ዜማ ያወርዳል፣ የሚቸኩልበት ነገር የለም። ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ሲያልቅ ከመካከላችን ማንም አልተናገረም። ልጁ በሁለት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየንና «ጥሩ ነው፣ አይደል?» አለ።

ሙዚቃው «ጂምኖፔዲ» ይባላል፣ በ1888 የተጻፈ ነው። ደራሲው ኤሪክ ሳቲ፣ በዚያ ቅጂ ላይ የሚጫወተው ደግሞ ኔፕልስ ተወልዶ ፈረንሳይ የኖረው አልዶ ቺኮሊኒ ነው። ሳቲን ብዙ ሰው ያወቀው በቺኮሊኒ ቅጂዎች ነው ይባላል። እኛም ያወቅነው በሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ስለ ሰውየው ማንበብ ጀመርን። ምን እንበላችሁ፣ የብዙ ልጆቻችንን ቲክ ያነበብን ነው የመሰለን።

ሳቲ በ1866 ኖርማንዲ ውስጥ ኦንፍለር በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። ስድስት ዓመት ሲሆነው እናቱ ሞተች፣ ከአያቶቹ ጋር እንዲያድግ ተላከ። በ13 ዓመቱ ፓሪስ ትልቁ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አስገቡት። አስተማሪዎቹ «ሰነፍ ነው፣ አይረባም» አሉት። በ1882 አስወጡት። ተመልሶ ገባ፣ አሁንም አልሆነለትም። ይሄ «አይረባም» የተባለ ልጅ ነው እንግዲህ በ21 ዓመቱ ያንን ዜማ የጻፈው። ፈተና የሚያዩ አስተማሪዎች ያላዩትን ነገር ዛሬ ዓለም ሁሉ ይሰማዋል። እኛም በቫዓዳ ላይ ስንቀመጥ፣ እናት አባት ዕብራይስጡ ሳይገባቸው ሲፈርሙ ስናይ፣ ያ «አይረባም» ትዝ ይለናል።

ደግሞ ይሄንን ስሙ። በ1905፣ በ39 ዓመቱ፣ ሥራው እየተጫወተለት ሳለ፣ እንደገና ተማሪ ሆኖ ሌላ ትምህርት ቤት ገባ። ከሱ በዕድሜ በጣም ካነሱ ልጆች ጋር ተቀምጦ ተምሮ በ1908 ዲፕሎማውን ወሰደ። በአርባ ዓመታቸው ኡልፓን ወንበር ላይ የተቀመጡ እናቶችና አባቶች ይሄ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከኛ ይልቅ ያውቁታል።

ጠባዩ ግን እንግዳ ነበር፣ አንዋሽም። በ1895 ትንሽ ውርስ አግኝቶ ሰባት አንድ ዓይነት የከፈይ ልብስ ገዛ፣ ለዓመታት ሌላ አልለበሰም። ጃንጥላ ይሰበስባል። አንዱን ሥራውን «ሦስት የአጋስ ቅርጽ ያላቸው ቁራጮች» ብሎ ሰየመው፣ ቁራጮቹ ሲቆጠሩ ደግሞ ሰባት ናቸው! «ግኖሲየን» በሚላቸው ሥራዎቹ ዜማውን እንደ አጥር የሚከፋፍሉትን መስመሮች ትቶ ነው የጻፈው። ማሲንቆ የሚመታ ሰው ዘፈኑን ከመጀመሩ በፊት ልኬት ሳይቆጥር ክሩን ሲያናግር የሰማችሁ ይገባችኋል። አንዲት ገጽ እንኳን የማትሞላ ሌላ ሙዚቃ ላይ ደግሞ ስለ 840 ጊዜ መደጋገም ጻፈበት። ሰው ሁሉ ቀልድ መስሎት ነበር። በ1963 ኒው ዮርክ ውስጥ ጆን ኬጅ የሚባል ሙዚቀኛ ፒያኒስቶችን ሰብስቦ በፈረቃ ተጫወቱት፣ ከ18 ሰዓት በላይ ፈጀ። ይሄንን ለልጁ እናት ስንነግራቸው «የኔውስ ሃያ ጊዜ ነው» ብለው ሳቁ። ከመጡ ጀምሮ ሲስቁ ያየናቸው ያን ቀን ነው።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ደስ ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «ጎበዝ ሰው እንዲህ ነው፣ ተዉት» ይላል። እኛ አንስማማም።

ሳቲ በ1898 ከፓሪስ ወጣ ወዳለች አርኬይ ወደምትባል ከተማ ሄዶ አንድ ክፍል ተከራየ። ፓሪስ በእግሩ ይሄዳል፣ ሌሊት በእግሩ ይመለሳል። ከሰው ጋር ይስቃል፣ ይጫወታል። የሰፈሩን ልጆች ሽርሽር ይወስዳቸው ነበር፣ ለማኅበረሰቡ ባደረገው አገልግሎትም በ1909 ተሸልሟል። ማንም «ራሱን ያገለለ» ብሎ አይጽፍበትም። ግን በ27 ዓመት ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ያንን ክፍል አልረገጠም። መጠጥ ጉበቱን ጨርሶት በ1925 ሲሞት ወዳጆቹ ገቡ፣ አንዱ ዳርዩስ ሚዮ የሚባል አይሁዳዊ የሙዚቃ ደራሲ ነበር። ቆሻሻው አያስገባም። ሁለት ፒያኖ አንዱ በአንዱ ላይ ተጭኗል። ያልተከፈቱ ደብዳቤዎች፣ ጃንጥላዎች፣ እሱ ጠፋብኝ ብሎ ያመነው የሙዚቃ ጽሑፍ ሳይቀር እዚያው።

የከፈዩ ልብስ ማንንም አልጎዳም። ጃንጥላውም አልጎዳም። የጎዳው ያ በር ነው። እኛም ሁላችን የምንፈራው የተገላቢጦሹን ነው፤ ልጅ ጸጉሩን ሲያሳድግ፣ የማናውቀውን ነገር ሲሰማ እንደነግጣለን። «ደኅና ነኝ» እያለ በሩን የዘጋውን ግን ደኅና ነው ብለን እናልፋለን። ይቅርታ አድርጉልንና፣ ይሄ የልጆች ነገር ብቻም አይደለም። ብቻቸውን የሚኖሩ አባቶች ጋ ስንደውል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብኝ» ይሉናል። ቤታቸው ከገባን በኋላ ነው ያልተከፈተውን የቢቱዋህ ሌኡሚ ደብዳቤ ክምር የምናየው።

ቲኩ ላይ የጻፍነውን ቃል አሁን ሰርዘነዋል። የልጁ እናትም ምክር አልጠየቁንም፣ ራሳቸው አንድ ማታ ቡና አፍልተው በሩን አንኳኩ። ልጁ እኛን እንዳደረገን አንዱን ጆሮ ሰጣቸው። ከዚያ ሌላ ፒያኖ አሰማቸውና «ይቺ ሴት ኢትዮጵያዊት ናት» አላቸው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ተወልደው፣ ከ1984 ጀምሮ እዚሁ ኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ኖረው በ2023 በ99 ዓመታቸው ያረፉት መነኩሲት። ሙዚቃቸውን የሚሰሙ ፈረንጆች ብዙ ጊዜ ከሳቲ ጋር ያመሳስሏቸዋል፣ ልጁም ያገኛቸው ከሳቲ ተነሥቶ ነው።

እናቱ ዝም ብለው ሰሙ። «የአገሬ ዜማ አለበት» አሉት። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «እስቲ ያንን የፈረንጁን መልሰህ አሰማኝ፣ ቅድም ስኒ እያማሰልኩ አልሰማሁትም» አሉ።