ዝናብ በመጣ ቁጥር ቲቪ የሚጠፋው በሰማዩ ጥፋት ብቻ ነው?

ሀዋሳ፣ መሃል ከተማ። ደመናው ሲከብድ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ዝናቡ ሲጀምር ስክሪኑ ላይ «ኖ ሲግናል» ይመጣል። እኛ ቤትም፣ ጎረቤትም ያው ነው። ከዚያ ዲሽ ሰሪ ይጠራል፣ «ኤልኤንቢው ሞቷል» ወይም «ሪሲቨሩ አርጅቷል» ይባላል፣ አዲስ ይገዛል። በሚቀጥለው ዝናብ ግን እንደገና ያው!

ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ዕቃ ከመቀየሩ በፊት ማን ለካው?

ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። በ2012 ዓ.ም. የአገራችን ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዞሩ የየቤቱ ዲሽም አብሮ ዞረ። ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው፤ ኢትዮሳት የተጀመረበት ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት ደግሞ 57 ዲግሪ ምሥራቅ። ዲሹ ፊቱን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አዞረ ማለት ነው። ግን ስንቱ ቤት ነው ኬብሉንና ኮኔክተሩን አብሮ የቀየረው?

አሁን ሪሞቱን አንሱና የሪሲቨሩን ሜኑ ክፈቱ። ሁለት መስመር ታያላችሁ፦ «ስትሬንግዝ» እና «ኳሊቲ»። ብዙዎቻችን የምንሸወደው በመጀመሪያው ነው። ስትሬንግዝ ጠቅላላ የሚገባውን ኃይል ነው የሚያሳየው፣ ጫጫታውንም ጨምሮ። ዲሹ የተሳሳተ ቦታ እያየ እንኳን ሊሞላ ይችላል። ሪሲቨሩ ምልክቱን ከጫጫታው ምን ያህል ለይቶ እንደሚያነብ የሚነግረን ኳሊቲ ነው። ዲጂታል ቲቪ ደግሞ ቀስ በቀስ አይደበዝዝም፤ ኳሊቲው ከወሰኑ በታች ሲወርድ ድርግም ነው።

እሺ፣ ኳሊቲው ለምን ይወርዳል? ከባድ ዝናብ ምልክቱን በራሱ ያደክማል፣ ይሄ እውነት ነው። ግን ምልክቱን ለይቶ ለማወቅ ሰዓት ማየት ይረዳል። ዝናቡ ካባራ በደቂቃዎች ውስጥ ቲቪው ከተመለሰ ጉዳዩ የሰማይ ሊሆን ይችላል። አባርቶም ለሰዓታት ከጠፋና ፀሐይ ሲወጣ ከተመለሰ ግን ኮኔክተሩን ጠርጥሩ፤ ውሃ ገብቶበት ይሆናል።

ያቺ ትንሽ ኤፍ ኮኔክተር ምልክት ብቻ አይደለም የምታሳልፈው። ሪሲቨሩ ወደ ኤልኤንቢው 13 ወይም 18 ቮልት የሚልከውም በእሷ ነው። ስትዝግ ቮልቱ ይወርዳል፣ 18 ቮልት የሚፈልጉት ሆሪዞንታል ቻናሎች ቀድመው ይጠፋሉ። ከኬብሉ መረብ አንዲት ቀጭን ሽቦ መሃለኛውን ከነካች ደግሞ ሾርት ነው፣ ሁሉም ይጠፋል። ኤልኤንቢው ግን ደህና ነው!

ስለዚህ ለውጭ የሚሆነው በእጅ ተጠምዝዞ የሚገባው ሳይሆን በመሣሪያ የሚጨመቀውና ጎማ ያለው ኮኔክተር ነው። ኬብሉም ከኮኔክተሩ በታች ወረድ ብሎ ይታጠፍ፣ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል።

ዲሽ የሚሰሩ ወጣቶችን ሌባ ማለታችን አይደለም። አብዛኛው በጆሮና በልምድ ነው የሚሰራው፣ ጣሪያ ላይ ነፍሱን አስይዞ። ግን ያልተለካ ጥገና ግምት ነው፣ የግምቱን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ቤተሰብ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ሪሲቨሩን ከማጥፋታችሁ በፊት ከዲሹ መነቀሉን አስታውሱ፣ አይደለም፤ መጀመሪያ አጥፉት፣ ከዚያ ኮኔክተሩን ፈትታችሁ እዩ። የኳሊቲውን ቁጥር ከጥገናው በፊትና በኋላ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ቁጥሩ ካልጨመረ ምን እንደተጠገነ ጠይቁ። የእናንተ ስንት ነው? ኮመንት ላይ ጻፉልን።