የበረዶ ሸርተቴው ተራ የማን ነው?

ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ሻንጣ ሲከፈት ለልጆች የሚወጣው ስጦታ በየዘመኑ ይለያያል። ዛሬ ዛሬ ከጫማውና ከሹራቡ መካከል ብቅ የሚለው በእጅ የሚያዝ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ፣ ልጆቹ በአጭሩ «ጌም» የሚሉት ነው። አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ ከገባበት ቀን ጀምሮ የቤቱን ሰዓት መለወጡ አይቀርም። በዚህ ረገድ እናቶች የሚያነሱት ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ልቀማው ወይስ ልተወው?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከመቀማት በፊት ልጁ በዚያች መስታወት ውስጥ የሚያየው ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል።

የበረዶ ሸርተቴን ጨዋታ እንውሰድ። ኤስ ኤስ ኤክስ ኦን ቱር የተባለው ጨዋታ በ2005 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ፒ ኤስ ፒ ለተሰኘው የሶኒ የእጅ መሣሪያም ተዘጋጅቶ ነበር። ተጫዋቹ በመጀመሪያ ተንሸራታቹ ወንድ ወይም ሴት እንዲሆን፣ የሚንሸራተተውም በስኪ ወይም በስኖውቦርድ እንዲሆን ይመርጣል። ስኪ ለየእግሩ አንዳንድ ረጅም ቀጭን ጣውላ ነው፤ ስኖውቦርድ ግን ሁለቱም እግሮች በአንድ ሰፊ ጣውላ ላይ የሚታሰሩበት ነው። ከዚያ ወዲያ ቁልቁል መውረድ ነው። ቁልፉን ተጭኖ ሲይዘው ተንሸራታቹ ያጎነብሳል፤ ሲለቀው ይዘላል፤ አየር ላይ ሳለ በተሽከረከረ ቁጥር ነጥብ ያገኛል። ዙሩን ሳይጨርስ መሬት ከነካ ግን ተንከባሎ ይወድቃል። ስግብግብ ሆኖ አንድ ዙር ልጨምር ያለ ሁሉ ይወድቃል።

እዚህ ላይ ልጅዎ ስለ በረዶ ቢጠይቅዎት አይገረሙ። ለእኛ በረዶ ማለት በክረምት የቆርቆሮ ጣሪያ የሚደበድበው ነው። በጨዋታው ያለው ግን እንደ ተባዘተ ጥጥ ሆኖ የሚቆለለው አመዳይ ነው። የሒሳብ ትምህርትም አለበት፤ አንድ ሙሉ ዙር 360 ዲግሪ፣ አንድ ተኩል 540፣ ሁለት 720፣ ሦስት ደግሞ 1080 ይባላል። ኒንቴንዶ በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣው የስኖውቦርድ ጨዋታ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቁጥር ነው። ስለ ማዕዘን የሚያስተምር ደብተር ሲያይ የሚያዛጋ ልጅ ይህን በቃሉ ይዞታል። «ኢትዮጵያዊ ተወዳድሮ ያውቃል ወይ?» ብሎ ከጠየቀም መልሱ አዎን ነው። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እ.ኤ.አ. በቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር በተካሄዱት የክረምት ኦሊምፒኮች አገሩን ወክሎ በስኪ ተወዳድሯል። የእርሱ ውድድር ግን ቁልቁል መዝለል ሳይሆን የረጅም ርቀት ነበር፤ ልማዳችን አለቀቀንም ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ። በአንድ መሥሪያ ቤት የምትሠራ የማውቃት እናት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ቤቷ ስትደርስ የአሥር ዓመት ልጇ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ጌሙን ይዟል። ሦስት ጊዜ ጠራችው፤ «እሺ» ይላል እንጂ አይነሣም። በአራተኛው ከእጁ ነጠቀችው። ከዚያ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎባት የማያውቅ ልጅ እጇን ገፍትሮ፣ «አንቺ የምትመጪው ለመቀማት ብቻ ነው!» አላት። ያን ሌሊት እንቅልፍ እንዳልወሰዳት ነግራኛለች።

የልጁ አነጋገር መታረም ያለበት ነው፤ ታርሟልም። ነገር ግን ቃሉን እንደ ብልግና ብቻ ቆጥሮ ማለፍ አይገባም። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ የምትውል እናት ከልጇ ጋር የምታገኘው ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ያ ሰዓት «ተው፣ ተነሥ፣ አምጣ» በሚል ብቻ ካለቀ ልጁ ያየው እውነት ያንኑ ነው። ሁለተኛም፣ የሸርተቴው ጨዋታ በመሐል ሲቋረጥ የተሰበሰበው ነጥብ ሊጠፋ ይችላል። ሽንኩርቱ ሊቀላ ሲል «ድስቱን አውርጂ፣ አሁኑኑ!» ብትባሉ ምን ይሰማችኋል? አንዱ ቁልቁለት የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ «ይህ ሲያልቅ ታስቀምጣለህ» ማለትና ቆሞ ማየት ከነጠቃ የተሻለ ይሠራል። ይህች እናት በቅዳሜው ከጎኑ ተቀምጣ እስኪ አሳየኝ ብላዋለች። በመጀመሪያው ዝላይ ወደቀች። ልጁ ስቆ ሊሞት ነበር፤ ከዚያ በኋላ በትዕግሥት አስተማራት።

ሰዓቱን በተመለከተ ለዘብ ማለት አያስፈልግም። ኒንቴንዶ ራሱ ልጁ ባይደክመውም በየሰዓቱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እንዲያርፍ ይመክራል፤ በሚብለጨለጭ ብርሃን ምክንያት የሚጥላቸው ልጆች መኖራቸውንም ያስጠነቅቃል። ስዊች የተባለው የዚሁ ድርጅት መሣሪያ እናት በስልኳ የጨዋታውን ሰዓት የምትወስንበት ዘዴ አለው። አሮጌው ፒ ኤስ ፒ ከመጣላችሁ ግን የግድግዳው ሰዓት ይበቃል። ሌሊት መሣሪያው ሳሎን ይደር፤ ቻርጀሩም እዚያው ይሁን። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ሕፃናት የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ተቀምጦ መስታወት ማየት በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስም የተሻለ እንደሆነ ይገልጻል። በሌላ በኩል ልጅን በየምክንያቱ «ሱሰኛ» ማለት ደግ አይደለም። ድርጅቱ የጨዋታ ሱስን በበሽታ መዝገቡ ቢያሰፍርም፣ ልጁ ትምህርቱንም ጓደኞቹንም ትቶ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ያህል በዚያው መቀጠሉ መታየት አለበት ይላል።

በዚያች እናት ቤት ግን እኔን የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ወንድሙ ቁልቁል ሲንሸራተት የአሥራ ሁለት ዓመቷ እኅቱ የእራቱን ሳህን ታጥባለች። «እሷስ?» ብዬ ጠየቅሁ። «እሷ አትወድም» አለችኝ እናትየው። ልጅቷን ስጠይቃት ተራ ደርሷት አያውቅም። አክስቷ ስትልከው ግን «ለልጆቹ» ብላ ነበር።

ይህ የወንድ ጨዋታ ነው የሚል ካለ የስኖውቦርድን አመጣጥ ይስማ። በ1965 እ.ኤ.አ. በገና ዕለት፣ በአሜሪካ ሚቺጋን ግዛት፣ ሸርማን ፖፕን የተባለ አባት ሴት ልጁ በቤታቸው ጓሮ ባለው ጉብታ ላይ ቆማ ለመንሸራተት ስትሞክር ያያል። ሁለት ስኪዎች ጎን ለጎን አጋጥሞ ሰጣት። ባለቤቱም በረዶንና በማዕበል ላይ መንሸራተትን የሚገልጹትን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት አጣምራ «ስነርፈር» አለችው። ለልጅቷ የተሠራው ያ ዕቃ ወደ ገበያ ወጥቶ ለዛሬው ስኖውቦርድ መነሻ ሆነ። በ2018 እ.ኤ.አ. በፒዮንግቻንግ ኦሊምፒክ ደግሞ የ17 ዓመቷ ክሎዊ ኪም ሁለት 1080 በተከታታይ አሳርፋ ወርቅ ወስዳለች። ወንዶቹ ልጆች በመስታወት የሚለፉበትን ሦስት ዙር እሷ በእግሯ አድርጋዋለች።

እናትየው ከዚያ ወዲህ ደንብ አውጥታለች። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጌሙ የልጅቷ ነው፤ በእነዚያ ቀናት ሳህኑን የሚያጥበው ወንድሟ ነው። ልጅቷ የመረጠችው ስኪውን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ብርጭቆ ተሰብሯል።